አይሸትም

የመስኮቱን መዝጊያ ስባ ጋደም ካለች ቆይታለች፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ። በዚህ መንደር ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛል፤ ዳቦ ጋጋሪው ይተኛል፣ ፖስታ ቤቷ ትተኛለች፣ የባለ ወይኑ የሙሴ ፊርማን ውሻ እንኳ ምድጃው ሥር ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ዛሬ ግን አልተኛም፣ ተነስቶ ወጣ፤ የውሻውን ነገር አሁን አታስበውም። ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያው ላይ ዝናብ የተወው ቀይ ነጠብጣብ አለ። የዚህ ሸለቆ አፈር ቀይ ነው፣ ድንጋዩ ቀይ ነው፣ ጎርፉ ቀይ ነው፤ ቺዙሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፈረንሳይ፣ አሥራ አንዱን ደግሞ በዚህ በማርሲያክ ሸለቆ ስትኖር ጫማዋ ከቀይ ጭቃ ጠርቶ አያውቅም። አፏ ውስጥ የምሳው ሾርባ ሙቀት አለ። ሙቀቱ ብቻ። ጨው አለ፣ ኮምጠጥ የሚለው አለ፣ ምላስ የሚያጨማድደው አለ፤ ሌላው ሁሉ የለም፤ ከሌለ ስድስት ዓመት ሆነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ለአባቷ ትደውላለች። ማክሰኞ ነው፤ ሁልጊዜ ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ነው የምትደውለው፤ በዚያ፣ በጃፓን፣ ያን ጊዜ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፤ አባቷ የመጠጥ ሱቁን ዘግቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ታጥቦ ስልኩ አጠገብ ተቀምጧል። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ዛሬ የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘንድሮው ወይን ከየትኛው በርሜል ይሁን የሚል። እሷ የምትመልሰው ግን አንድ ነገር ይሁን ሁለት ገና አልቆረጠችም። ሁለተኛው ነገር ስድስት ዓመት የቆየ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ጉሮሮዋ ድረስ እየመጣ ተመልሶ ይወርዳል።

ዛሬ ባይሆን ኖሮ ደግሞ በሚቀጥለው ማክሰኞ ትል ነበር። ዛሬ ግን ምሳው አለ። ሙሴ ፊርማን በየዓመቱ ኅዳር ላይ በርሜሎቹን ከማስቀመሳቸው በፊት ሾርባ ያበሏታል፤ «መጀመሪያ ሆድ፣ ከዚያ አፍንጫ» ይላሉ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ያው ቀልድ ነው በየዓመቱ፣ እሷም በየዓመቱ ትስቃለች። ጎመንና ድንች የአሳማ ጮማ ገብቶበት። ምራታቸው ሶላንዥ ትቀዳለች። ሾርባው ሊያልቅ ሲል፣ ከሳህኑ ሥር ትንሽ ትኩስ መረቅ ሲቀር፣ ቀይ ወይን ይጨመርበትና ሳህኑን በሁለት እጅ አንስቶ እስከ ሥሩ መጠጣት ነው፤ ማንኪያ የለም፣ ብርጭቆ የለም፤ ሻብሮ ይሉታል፤ ለከበረ እንግዳ ቀድሞ ይፈስለታል። ዛሬ ሙሴ ፊርማን ከምድር ቤት አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ የመጣሽበት ዓመት ነው። አንድ ብቻ ደብቄ ነበር፤ ከዚችም» ወደ ምራታቸው እያዩ፣ «ከዚች ጉሮሮ ደብቄ።» ሶላንዥ፣ «እኔ ጉሮሮ ቢኖረኝ ይሄ ቤት እስካሁን ቆሞ ይገኝ ነበር?» አለች። ሳቁ። ቡሹን ሳቡና በቀጥታ የቺዙሩ ሳህን ውስጥ አፈሰሱ። ብርጭቆ ላይ ቢሆን ባለቤቱ ነው መጀመሪያ ለራሱ ጠብ አድርጎ የሚያሸተው፤ ሻብሮ ላይ ግን ማንም አያሸትም፤ ትኩስ ነው፣ ቶሎ ነው፣ ደስታ ነው። አነሳች። ጠጣች። እስከ ሥሩ። ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደምታደርገው፣ ስድስት ዓመት እንዳደረገችው፣ «ያው ነው» አለች፤ «የሚስማሩ ሽታ አለ፣ የእንጆሪ ቅጠሉ አለ። እንደዚያን ዕለቱ ነው።»

ዓይኗን ስትገልጥ ሙሴ ፊርማን ሳህናቸውን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ያይዋታል። ሶላንዥ የራሷን አነሳችና መልሳ አራቀችው።

«እንዴ! ይሄማ…»

«ጠጪ» አሏት አማቷ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ…»

«በኔ ቤት እንግዳ የጠጣውን ቤተኛ አይደፋም። ጠጪ ብያለሁ።»

እሳቸው መጀመሪያ ጠጡ። ማንቁርታቸው አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲወጣና ሲወርድ አየች። ሶላንዥ ጨፍና ጨለጠችው፤ መድኃኒት እንደሚጠጣ ሕፃን። ያን ጊዜ ነው ውሻው ተነስቶ የወጣው። ከዚያ ሙሴ ፊርማን አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣ «የዘንድሮውን በርሜል ሶላንዥ ትነግርሻለች» አሉ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለዋት አያውቁም፤ «ዛሬ ምድር ቤቱ ይበርዳል። አትውረጂ፣ ልጄ።» ልጄ ማለታቸው ነው ያነቃት። አንድ ነገር እንደሆነ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም፤ ካፖርቷን ስትለብስ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

ሶላንዥ ከበሩ ላይ ደረሰችባት፣ ሽርጧን እንደለበሰች፣ የጭቃ ጫማ አድርጋ።

«ቺዙሩ! ቆይ እስቲ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ተይ እንጂ፣ እህቴ። ያንን ወይን ቡሽ መቶታል፣ ቡሹ አበላሽቶታል። መታው ስልሽ ደግሞ በትንሹ እንዳይመስልሽ፤ እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ድመት ሞታ የተረሳች ነው የሚመስለው። ውሻው እንኳ ተነስቶ ሲወጣ አላየሽም?»

«አየሁት። ሊሸና የወጣ መስሎኝ ነበር።»

ሶላንዥ ሳትፈልግ ሳቀች፤ አፏን በሽርጧ ጫፍ ያዘች። ቺዙሩም መሳቅ ፈለገች፣ ፊቷ ግን እንቢ አላት።

«ስድስት ዓመት» አለች።

«ስድስት! በድንግል! እኔ'ኮ በየዓመቱ ብርጭቆሽን ይዘሽ ፊቴ ላይ ስታፈጪ፣ ይቺ ሴት ምን ነካት፣ ወደደችኝ እንዴ እል ነበር። ለባሌም ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለ?»

«ወይን እስከገዛች ድረስ ምናለበት አለ፤ ሌላ ምን ይላል እሱ።» ቀና ብላ መንገዱን አየች፤ ሰው የለም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚ። አራተኛው ነው። ሰባተኛው ጠንካራ ነው፣ ገና ይቀረዋል፣ አራተኛው ግን አሁን ስሞሽ የሚሄድ ነው። አራተኛው ብለሽ ንገሪያቸው። ከእንግዲህ ደግሞ ፊቴን ማንበብ የለም፣ በአፍሽ ጠይቂኝ፣ በአፌ እመልስልሻለሁ። እኔም አባባም አፋችን የተሰፋ ነው። ደግሞስ ምን አደረግሽ? ወይኑ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ሰዎችሽ ወደውታል። ማን ተጎዳ?»

ማን ተጎዳ። ቺዙሩ አመሰገነቻት፤ እጅ ነሳች፣ እንዳገሯ፣ ዝቅ ብላ፣ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብላ፤ ሶላንዥ ትከሻዋን ይዛ አቀናቻት። «ሂጂ ተኚ» አለቻት። ይኸው ተኝታለች።

ማን ተጎዳ። ለሰማይ ለምድር የከበደ ጥያቄ አይደለም፤ ሰው ሰውን ሲያጽናና የሚለው ነው። ጣሪያውን ታያለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አባቷ በደብዳቤ፣ ስልክ ላይ የማይለውን ነው በደብዳቤ የሚጽፈው፣ እንዲህ አላት፤ «ትልልቆቹ ወይኖች የሚሸጡት ስማቸውን ነው። የኛ ደንበኞች አናጢዎች፣ ነርሶችና ጡረተኞች ናቸው፤ ስም አይጠጡም። ስሙ ትንሽ ሆኖ ራሱ ትልቅ የሆነ ወይን ፈልጊልኝ።» በአባቷ ከተማ በኩራዮሺና በዙሪያዋ ያሉ አሥራ ሁለት ትናንሽ ሱቆች በአንድ ላይ ሆነው በዓመት አንድ ወይን ሊያስመጡ ተስማምተዋል፤ እሱ ሽማግሌያቸው ነው፣ እሷ አፍንጫቸው። እሷ ያን ጊዜ ቦርዶ ከተማ ነበረች፣ ስም ያላቸውን ወይኖች ለሌሎች እየቀመሰች። ስም የሌላቸውን ፍለጋ በአውቶቡስ ሦስት ወር ዞረች። ምንጣፍ የተነጠፈበት ቤት ገብታ ትወጣ ነበር፤ ምንጣፍ ያለበት ቤት ወይን ስትገዛ ምንጣፉንም እንደምትገዛ ቶሎ ነው የገባት። የፎቶግራፍ መጽሐፍ የሚሰጧትንም አለፈቻቸው። ከዚያ አንድ ቀን በዝናብ ይህ ሸለቆ፤ የወይኑ ተክል ገደል ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ማሽን አይወጣውም፣ ከሦስት ተራራ ወዲያ ያለ ሰው ስሙን አያውቀውም፤ ሙሴ ፊርማን ወረቀት ከተለጠፈበት ጠርሙስ ለእሷ ቀዱላት፣ ለራሳቸው ግን ጠረጴዛው ሥር ካለ ማሰሮ። አፍራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ከእርስዎ ማሰሮ ቢሰጡኝ» አለች። «ይቺ ሌባ!» አሉና ጠረጴዛውን መቱት። ከማሰሮው ሰጧት። ብረት ሸተታት፤ ብረት እንኳ አይደለም፣ ሚስማር ነው፤ አባቷ የመጠጥ ሳጥን ሲመታ ሚስማሮቹን ከንፈሩ መሐል ይይዝ ነበር፣ እሷ አምስት ዓመቷ ነው፣ አንድ በአንድ ከአፉ እየተቀበለች ታቀብለዋለች፣ የረጠበ ሚስማር፣ የአባት ትንፋሽ፤ ከሚስማሩ ሥር ደግሞ በእጅ የታሸ የእንጆሪ ቅጠል። ማታውን ደወለችለት። «አባዬ፣ አገኘሁት፤ ሚስማር ይሸታል።» «ሚስማር ለመጠጣት ነው ፈረንሳይ ድረስ የሄድሽው?» ብሎ ሳቀ፤ እናቷም ከኋላ፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። የዓመቱ ወይን ተሸጦ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመትም አለቀ። አባቷ በየጠርሙሱ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ካርድ በብሩሽ ይጽፋል፤ «ሚስማርና የእንጆሪ ቅጠል፤ ልጄ ቀምሳዋለች።» ልጄ ቀምሳዋለች የሚለው አሁንም አለ። ስድስቱም ዓመት ካርዱ ላይ አለ። ሶላንዥ ናት የቀመሰችው፤ ቺዙሩ የሶላንዥን ፊት ነው ያነበበችው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ጥር ላይ ትኩሳት ያዛት። አምስት ቀን። በስድስተኛው ቀን ተነሳች፣ ዳቦ ምድጃ ላይ አድርጋ መጽሐፍ ስታነብ ጎረቤት በሩን ደበደበ፤ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፣ እሷ ገጽ ትገልጣለች። ጉንፋን ነው ብላ ተወችው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች፤ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ኮምጣጤ፣ የጫማ ቀለም፣ የራሷን የትላንት ሸሚዝ፤ እያነሳች አሸተተች፤ ምንም። ሸሚዙ ላይ ቆየች። የራስን ሽታ ማጣት ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ሰው ወጥቶ ሲመለስ ራሱን ከቤቱ ሲያጣው እንደማለት ነው፤ ይህን እንኳ ስታስበው ታፍራለች። የሰፈሩ ሐኪም ወረቀት ጻፈላት፣ ለከተማው ስፔሻሊስት፤ ቀጠሮው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚሞሉ ሣጥኖች አሉ። አንዱ ሙያ ይላል። አንዱ ችግሩ የጀመረበት ቀን ይላል። የመኖሪያ ፈቃዷ ላይ የወይን ቀማሽ ተብሎ ተጽፏል። በዚህ አገር ወረቀቶች ከሰው ተደብቀው እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ በአድራሻዋ አንድ ቁጥር ስትሳሳት ሦስት ቢሮ ጽፎላታል። አልሞላችውም። አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ አሁንም እዚያ ነው፣ ከአልጋው ሁለት እርምጃ፣ የጀመረበት ቀን ባዶውን። ይመለሳል ብላለች። አንዳንድ ሰው በወሩ ይመለስለታል።

መጋቢት ላይ አባቷ ደወለ። ማክሰኞ አልነበረም።

እናቷ ስኳር በሽታ አለባት፤ እግሯ ቆስሏል፤ «ናፍቃሻለች» አላት፤ ሌላ አላለም፤ ሌላ እንደማይል ታውቃለችና በሦስተኛው ቀን ኩራዮሺ ደረሰች። ሱቁ ያው ነው። እናቷ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ፍራሽ ላይ ተኝታለች፣ አንሳለች፣ ፀጉሯን ለልጇ ብላ አስተካክላለች። ነርስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ በመሐሉ ቁስሉን የሚያጥበው አባቷ ነው። «ሽታው ከተቀየረ ያኔውኑ ደውሉልኝ» ብላለች ነርሷ፤ ከሁሉ አስቀድማ ያለችው ይህን ነው። አባቷን ጉንፋን ይዞታል፤ አፍንጫው ተደፍኖ፣ አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን ይፈታል። ጠዋት ነው። መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ። ቺዙሩ ሙቅ ውኃ ይዛ ቆማለች። ይፈታል፣ ይፈታል፣ የመጨረሻውን ጨርቅ ያነሳል፣ ቀና ይላል።

«እኔ ጉንፋን ዘግቶኛል። አንቺ ግን አፍንጫ አለሽ፤ ፈረንጅ የሚከፍልበት አፍንጫ። እስቲ ጠጋ በይ።»

እናቷ ትስቃለች። «እግሬን እንደ ወይን ልትቀምሰው ነው። የስንት ዓመት ነው በላት፤ የሰባ አራት ዓመት!»

ሦስቱም ይስቃሉ። ጎንበስ ትላለች። ቁስሉ አለ፣ ጥቁርና ቢጫ፣ ትንሽ፣ እንደ ሳንቲም፤ ትንፋሿን ትስባለች፤ አየር ነው። ቀዝቃዛ አየር። እንደገና ትስባለች። አባቷ ይጠብቃል። የእናቷም ዓይኖች ይጠብቃሉ፣ ኩራት አለባቸው ዓይኖቿ፣ ይህን ነው የማትረሳው፤ እግሯ ላይ የተደፋው የልጇ ራስ አኩርቷታል።

«አይሸትም» አለች።

በእነሱ ቋንቋ ይህ ቃል ባለቤት የለውም። ነገሩ ሽታ እንደሌለው ይሁን፣ ሰውዬው ማሽተት እንዳቃተው፣ ቃሉ አንድ ነው፤ አይሸትም እና አይሸተኝም አንድ ናቸው፤ ሰሚው ነው የሚፈርደው። በፈረንሳይኛ ቢሆን እኔ ማለት ግድ ይላት ነበር። ሙሴ ፊርማን ቢጠይቋት ወይ ትዋሻለች ወይ ትናገራለች፣ መሐል የለውም። በአባቷ ቋንቋ ግን መሐል አለ። እውነቷን ተናገረች፤ ያቃታትን ተናገረች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሚሰማው እንደዚያ ይሰማው መስሏት ነበር፣ ለቅጽበት፤ ከዚያ የአባቷ ትከሻ ሲወርድ አየች፣ «እፎይ» ሲል ሰማች፣ ፋሻውን መልሶ ሲጠመጥም አየች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በየዙሩ አንድ ቃል ልትጨምር ትችል ነበር፣ አፍንጫዬ ብትል ይበቃ ነበር፣ ፋሻው ረጅም ነው፣ ጊዜ ነበራት። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ማታ እነግረዋለሁ አለች። እናቷ ሳቋን ገና አልጨረሰችም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። ሆስፒታል ተወሰደች። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መነጽሩን አውልቆ፣ «ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ» አለ፤ አባቷ ከወገቡ ታጥፎ ለሐኪሙ እጅ ነሳ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማጥበው እኔ ነኝ» አለ። እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር። እሷም እጅ ነሳች። 

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ማክሰኞ። የወይን ወሬ፣ የዝናብ ወሬ፣ የጉልበት ሕመም፣ የትኛው ሱቅ ተዘጋ የትኛው ልጁን ተካ፤ አሥራ ሁለቱ ሱቆች ዘጠኝ ሆነዋል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ዛሬም ይቅርታ ጠየቅኋት» ይላል። የእናቷ ፎቶግራፍ ከሱቁ ጀርባ ነው፤ በየማታው ውኃና ሩዝ ያቀርብላታል፣ ትንሿን የነሐስ ደወል አንዴ ይመታል፣ ይቅርታ ይጠይቃታል። «ቶሎ ብወስዳት ኖሮ። እጄ ላይ ነው የሞተችው፣ ቺዙ።» እሷም፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ አባዬ» ትላለች። አንተ ምን ታደርግ፤ ስንት ጊዜ ነው ያለችው፤ ስድስት ዓመት በሃምሳ ሁለት ማክሰኞ። እንደ ርኅሩኅ ልጅ። በየጊዜው ያመሰግናታል። ማን ተጎዳ ብላለች ሶላንዥ። ሰውዬው በሰማንያ ሦስት ዓመቱ በየማታው በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ እሷ ደግሞ በስልክ ታጽናናዋለች። ሙሴ ፊርማን ድመት የሞተበትን ወይን በአንድ ትንፋሽ ጠጡ፣ እንዳታፍር ብለው፣ የእንግዳን ፊት ብለው፤ አባቷም ሽማግሌ ነው፣ እሱም ጠጣ፤ ስድስት ዓመት ሲጠጣ የጠጣው ግን የእሷን ጥፋት መሆኑን አያውቅም። ሽማግሌዎች ስለ እሷ ይጠጣሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሚስማር አለው ትላለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ስምንት ሰዓት ይደውላል። እዚህ ደወሉ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው፤ አንዴ መትቶ ጥቂት ደቂቃ ያርፍና ያንኑ ይደግማል፣ መጀመሪያ ላልሰማ። ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ስልኩ ሲጠራ እንደ ተማሪ ልጅ ቀና ብላ ትቀመጣለች፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ቺዙ?»

«አባዬ።»

«ሱቁን ዘጋሁ፣ በላሁ፣ ታጠብኩ። ጉልበቴ ያው ነው። ዘነበ ዛሬ። እህ፣ የትኛው ሆነ?»

«አራተኛው።»

«አራተኛው። ቆይ፣ ብሩሹ የት ሄደ… እዚሁ ነበር… ሰው ሲያረጅ ዕቃው ይሸሸዋል። እሺ፣ አራተኛው። ምን ምን ይላል? ዘንድሮም ሚስማር አለው?»

 ሶላንዥ ስሞሽ የሚሄድ ነው ብላለች። ያንን ብትለው ይስቃል፤ ያንንም ካርዱ ላይ ይጽፋል። መሳቢያውን ታያለች፣ ወረቀቱ ያለበትን። ብሩሹ ቀለሙ ውስጥ ሲነከር የሚሰማት ይመስላታል።

«ቺዙ? እየሰማሽ ነው? ሚስማር አለው?»

«አይሸትም፣ አባዬ።»

ያው ቃል ነው። ሌላ ቃል ፈልጋ ያው መጣ። አባቷ ትንሽ አሰበና፣ «ምንም አይደል» አለ፤ እሷን ሊያጽናና፤ «ገና ልጅ ወይን ነው። ሽታው ኋላ ይመጣል። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

የመናገሪያው በር እንደገና ተዘጋ፣ በቀስታ፣ በደግነት፣ እንደዚያን ዕለት፤ ፋሻው እንደገና እየተጠመጠመ ነው፤ አሁን እሺ ብትል እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ድረስ ማንም አይጠይቃትም። ውጪ ደወሉ ያንኑ ሰዓት ደገመ።

«ወይኑ አይደለም» አለች። «አፍንጫዬ ነው። እኔ ነኝ የማልሸት… የማይሸተኝ።» ቋንቋው ጠፋባት፤ የገዛ ቋንቋዋ።

«ታመምሽ እንዴ? ጉንፋን ነው?»

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ነው። ለሶላንዥ ስድስት ዓመት ማለት ቀላል ነበር፤ ለሶላንዥ ቁጥር ነው።

«ከጥር።»

«ጥር… ይኸው ዓመት ሊሆን ነው'ኮ! ለምን አልነገርሽኝም? ሐኪም ምን አለ?»

«የዘንድሮ ጥር አይደለም።» ድምጿ እንደ ሌላ ሰው ሆነባት። «እማዬ የሞተችበት ዓመት ጥር ነው።»

አባቷ የሱቅ ሰው ነው፤ ስድሳ ዓመት በጣቱ ቆጥሯል። ሲቆጥር ሰማችው፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ሰማችው፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ብሩሹን አንድ ነገር ላይ አስቀመጠው።

«ያን ዕለት» አለ። «ጠዋት…»

«አዎ።»

«አይሸትም ያልሽኝ…»

«አዎ፣ አባዬ።»

ሌላ አልጠየቃትም። ትጠብቃለች። ቢቆጣ ትችለዋለች፣ ቢያለቅስ ትችለዋለች፣ ስልኩን ቢዘጋባት ይገባታል፤ ሁሉንም ስድስት ዓመት ስትለማመደው ኖራለች። እሱ ግን፣ «ሱቁን ልዝጋ» አለ። ሱቁን ዘግቶታል፤ ስትደውል ነግሯታል። ስልኩን አልዘጋውም፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፤ እንጨቱን ሲነካ ሰማች። ከዚያ እግሩ፣ ያ የሚያመው ጉልበት፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ወደ ሱቁ በር አይደለም፣ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ፎቶግራፉ ወዳለበት፤ የምትንሸራተተው በር ተከፈተች። የነሐሷ ደወል አንዴ መታች። ድምፁ ረጅም ነው፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ አይደገምም። ድምፁ ሳያልቅ አባቷ ተናገረ፤ ከሩቅ ነው፣ ዝቅ ብሎ ነው፣ ለእሷ አይደለም፤ ሸክም አውርዶ እንደሚያቃስት ሰው፣ ሊያለቅስ እንደተቃረበ፣ ደስ ያለውም ይመስላል፤

«ሰማሽ?» አለ። «ሰማሽ? እኔ አይደለሁም።»